ያልተሸጠው ጨዋታና የታምራት መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሊዲያ ጋር ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ በርበሬ ገዝተን ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ላይ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። አንድ የድሮ የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ታድሶ ወጥቶ ኖሮ፣ ገና በሳምንቱ ከየሱቁ ተጠራርጎ አልቋል። ሃያሲ ነኝ የሚለው ሁሉ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶታል። ሊዲያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ ያለ እንግሊዝኛ ምርኩዝ አይሄድም።

"ዳዲ፣ ይሄ እኮ ክላሲክ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ እዚህ አገር ማንም አልገዛውም። ያኔ ሪቪው ያደረጉት ሰዎች አሁን አፖሎጃይዝ እያደረጉ ነው" አለችኝ፤ የተቹት ሰዎች ይቅርታ እየጠየቁ ነው ማለቷ ነው።

ሥዕሉን አወቅሁት። ካባ የለበሰች ልጅ፣ ከኋላዋ የፈረሰ ድልድይ። ወጣት ሳለሁ ሱቅ ውስጥ እሸጠው ነበር አልኳት። ይህም ቢሆን ጉራ ነው፤ ከእጄ የገዛኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ታምራት ነው።

ጊዜው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። እኔና ታምራት ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላንም። ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ፣ አጎቴ ጋሼ መንገሻ ከመንግሥት በተከራዩት የካውንስል ቤት፣ አንዲት ክፍል ለሁለት እንተኛ ነበር። እኔ የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ታምራት ግን ዘመድ አይደለም፤ ብቻውን የመጣ ስደተኛ ነው። ጋሼ መንገሻ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አግኝተውት፣ ቤት እስኪያገኝ እኛ ጋ ይክረም ብለው አመጡት። ክረምቱ አለፈና ሌላ ክረምት መጣ፤ እሱም እዚያው ቀረ።

ጠዋት ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ይሠራል፣ ከሰዓት ኮሌጅ ይማራል። ሲገባ የእንቁላልና የማዮኔዝ ሽታ ይዞ ይገባል። የተረፈውን ሳንድዊች በፌስታል ያመጣና፣ እትዬ የሺ፣ የጋሼ መንገሻ ባለቤት፣ ዳቦውን እያነሱ ውስጡን እየመረመሩ "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ምግብ ነው" ይሉ ነበር። እሑድ እሑድ ከመንገዱ ማዶ ካለው የስልክ ሳጥን እናቱ ጋ ይደውላል። ከእሷ ሌላ በዓለም ላይ ማንም አልነበረውም።

እኔ ሼፈርድስ ቡሽ፣ የቪዲዮ ጨዋታ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን እሠራ ነበር። ባለቤቱ የቆጵሮስ ቱርክ ነው። ከገና በኋላ ሙሉ ጊዜ እቀጥርሃለሁ ብሎኝ፣ እኔም ከወዲሁ እንደ ሥራ አስኪያጅ መራመድ ጀምሬ ነበር። ያንን ጨዋታ ሰምቶ የነገረኝ ታምራት ነው። ኮሌጅ አብራው የምትማር ጃፓናዊት አገሯ ላይ ሰው ከሥራና ከትምህርት እየቀረ ተሰልፎ እንደገዛው አውርታለት ነበር። እኔ ደግሞ ወሬውን የራሴ ዕውቀት አስመስዬ ለባለሱቁ አቀረብኩት፤ እንግሊዝ አገርም እንዲሁ ይሆናል፣ በብዛት እንዘዝ አልኩት። አመነኝና ሁለት ሳጥን ሙሉ አዘዘ።

ጨዋታው ተዋጊዎቹ ተራ እየጠበቁ የሚማቱበት፣ ከመማታቱ ይልቅ ማንበቡ የሚበዛበት ነው። ታምራት ከደመወዙ ቆጥቦ ገዛው። መዝገበ ቃላት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ያላወቀውን ቃል ደብተሩ ላይ እየጻፈ፣ በሰዓት አንድ መንደር ሲያልፍ ደስታው ልክ አልነበረውም። እኔ አንድም ቀን አብሬው አልተቀመጥኩም። ጨዋታ የምመዝነው መጽሔት ላይ በተሰጠው ነጥብ ነበር። በየወሩ የሚወጣውን መጽሔት ዳዊት እንደሚደግም ሰው ነጥብ ነጥቡን በቃሌ እይዘው ነበር።

በኅዳር የመጽሔቱ ፍርድ ወጣ። አዝጋሚ ነው፣ ሥዕሉ ያረጀ ነው፣ ወሬ ይበዛዋል ብሎ ከግማሽ በታች ነጥብ ሰጠው። ሌሎቹም ተከተሉት። ሁለቱ ሳጥኖች መጀመሪያ መስኮት ላይ ተደረደሩ፣ ቀጥሎ ዋጋቸው ተቀነሰ፣ በመጨረሻ በሩ ሥር ያለ ቅርጫት ውስጥ ተጣሉ። ባለሱቁ ቅርጫቱን ባለፈ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል።

በዚያው ሰሞን፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የታምራት እናት ማረፏን የሚነግር ስልክ ከአዲስ አበባ ተደወለ። የተቀበረችውም በዚያው ቀን ነው። ስልኩን ያነሱት ጋሼ መንገሻ ናቸው። ወጉ እንደሚያዘው መርዶ በስልክ ወይም በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሳይነጋ፣ ከአልጋው አስነስቶ ነው የሚነግረው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ሽማግሌውም ፈረቃ አለበት፤ ሁሉም ከሥራ ነጻ የሚሆነው እሑድ ነው። ስለዚህ እስከ እሑድ በሆድ ይያዝ ተባለ። እኔም የስልክ ካርዱን እንድሸሽግ፣ የአዲስ አበባ መስመር ተበላሽቷል እንድለው፣ ካሌዶኒያን ሮድ ካሉት የሐበሻ ካፌዎች እንዳርቀው፣ ከሥራና ከኮሌጅ ሲመለስ ከቤት እንዳይወጣ እንዳጫውተው ታዘዝኩ።

ከዚያ በፊት በሌላ ቤት መርዶ ሲነገር፣ ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶ፣ ለቀስተኛው በር ላይ ከፖሊስ ጋር ተፋጦ ነበር። ያ እንዳይደገም ጋሼ መንገሻ ረቡዕ ዕለት ታች ላለችው አየርላንዳዊት አሮጊት ሄደው ነገሯት፤ እሑድ ማለዳ ለቅሶ ብትሰሚ እንዳትደነግጪ አሏት። እንዲህ ሆኖ የታምራትን ሐዘን ስሙን በቅጡ የማትጠራ ፈረንጅ ከእሱ በፊት አወቀችው። እትዬ የሺም መርዶ ከሰማ እህል አይቀምስም ብለው በሥራ ቀን ዶሮ ሠሩለት። እሱ ለደረሰው የኮሌጅ ፈተና ማበረታቻ መስሎት ነበር፤ እየሳቀ በላ።

ቅዳሜ ባለሱቁ ጠራኝ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እንዳልመጣ ነገረኝ። ከገና በኋላ እቀጥርሃለሁ ስላለኝ ነገር ብጠይቀው በእግሩ ቅርጫቱን ገፋ አደረገው። በዝናብ ስጠብቅ ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ አለፈኝ። ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት ገና አልሞላም፤ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። እትዬ የሺ ገበያ ነበሩ፣ ጋሼ መንገሻ ከፈረቃ ተመልሰው ተኝተዋል።

ታምራት ቴሌቪዥኑ ፊት መሬት ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ሳይመልስ፣ ና እይ፣ ድልድዩን አለፍኩት አለኝ። መጽሔቱን ጉልበቱ ላይ ወረወርኩለትና በዚህ ቆሻሻ የተነሳ ሥራዬን አጣሁ አልኩት። በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበው። ሲጨርስ ፈገግ አለ። ፌዝ አልነበረበትም፤ እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለ። "እነዚህ ሰዎች እስከ መጨረሻው አልተጫወቱትም። አንተም ሳታየው ጥሩ ነው አልክ፣ አሁንም ሳታየው መጥፎ ነው ትላለህ።"

ልክ ነበር። ዝም ብል ኖሮ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ወደ ጨዋታው ተመልሶ፣ አሁን ያለ መዝገበ ቃላት ማንበብ እንደጀመረ፣ ነገ መስመሩ ከተስተካከለ ደውሎ ለእናቱ እንደሚነግራት አወራኝ።

"እናትህ ሞታለች" አልኩት። "ማክሰኞ ነው የተቀበረችው።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም። የሚያመው የት እንደሆነ አውቄ፣ መርጬ ነው የተናገርኩት። ባለሱቁን መምታት አልቻልኩም፤ ታምራት ደግሞ አጠገቤ ነበረ።

መጫወቻውን ምንጣፉ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። የጨዋታው ሙዚቃ አላቆመም። ማን ማን እንደሚያውቅ ጠየቀኝ። ሁሉም አልኩት።

"ታች ያለችውም ሴትዮ?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ እጄን ይዛ አልለቅም ያለችኝ ለዚህ ነው" አለ። ቀጥሎም፣ "ማክሰኞ ማታ እየሳቅሁ ነበር፣ አይደል?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ቢያንስ ይህንን ልዋሽለት እችል ነበር።

ከዚያ የሠራሁት ነገር ሲገባኝ ፈራሁ። የፈራሁት ለእሱ አይደለም፤ ለራሴ ነው። የእናቱን ሞት በነገርኩት በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ ለጋሼ እንዳትነግር፣ ከቤት ያባርሩኛል ብዬ ለመንኩት። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየኝና እሺ አለ። ለቅሶውን ያን ጊዜ ጀመረ፤ ትራሱን አፉ ላይ ይዞ እስኪደክም አነባ።

እሑድ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አስነሱት፣ መሐላቸው አስቀመጡት። ጋሼ መንገሻ ጉሮሯቸውን ጠርገው እናቱ ማረፏን ነገሩት። ሴቶቹ እሪ አሉ። ታምራት እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ አጎንብሶ ተቀመጠ። አንዲት የእንባ ጠብታ አልወጣውም። ያለውን ሁሉ ማታውን ጨርሶታል። እኔ ነገሩ እንዳይነቃብኝ ብዬ ከሁሉ አስበልጬ ጮህኩ፤ ደረቴን ደቃሁ። አንዲት ሴትዮ እያባበሉኝ፣ እንዲህ ያለ ጓደኛ ይስጠን፣ የሥጋ ልጇ እንኳ ያላደረገውን አሉ።

ወሬው በዚያችው ቀን ተጀመረ፤ ለእናቱ ያላለቀሰ ተባለ። ልቡ ድንጋይ ነው ተባለ፤ በእናቱ መርዶ ማግስት ፋብሪካ ገባ ተባለ። እሱ ቃሉን ጠብቆ ዝም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዲት ደህና ልጅ ወዶ ሽማግሌ ሲልክ፣ የልጅቷ አባት ጠባዩን ሊጠይቅ እኛ ቤት መጣ። አብሮት የኖረ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ለእኔ ነበር። ለእናቱ አላለቀሰም የሚባለው እውነት ነው ወይ አለኝ። ጋሼ መንገሻ አጠገቤ ተቀምጠዋል። እውነት ነው፣ አላለቀሰም አልኩ። ልጅቷን ከለከሉት። በዓመቱ ከለንደን ወጥቶ ሄደ፤ አሁን ወደ ሰሜን የሆነ ከተማ አለ ይላሉ።

ጋሼ መንገሻ አምና ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ የልባቸውን ድካም ሐኪሞቹ ከነገሩን በኋላ፣ ሳይሞቱ ልናዘዝ ብዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሳልጨርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

"ያን ቀን አልተኛሁም ነበር" አሉኝ። "የዚያ ቤት በር ወረቀት ነው።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሲያማው፣ አባትየው ሲጠይቀኝ፣ ለምን ዝም አሉ?"

"አንተ የወንድሜ ልጅ ነህ" አሉ። "እሱ ማን አለው?"

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ማዘን ነበረብኝ፤ የተሰማኝ ግን እፎይታ ነው። ከዚያ በሠላሳ ቀኑ እሳቸውም ዐረፉ፤ ከእኔና ከታምራት በቀር የሚያውቅ አልቀረም።

ሊዲያ ጨዋታውን ገዝታዋለች። ምሽት ምሽት ሳሎን ትጫወታለች፤ ያ ሙዚቃ ሲመጣ እኔ ወደ ኩሽና እገባለሁ። ለጨዋታው ይቅርታ ስለጠየቁት ሃያስያን ያሳየችኝን እኔም አነበብኩት። አንዱ አሁን ሽበታም ነው፤ ያኔ ሰነፍኩ፣ ሳልጨርሰው ፈረድኩ ብሎ ከሥሩ ሙሉ ስሙን ጽፏል። ቅናት ይዞኝ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። እስከዚህም አደረስኩት። ነገር ግን ታምራት ያልኩት ሰው ስሙ ታምራት አይደለም። የአጎቴንም ስም ለውጬዋለሁ፤ የራሴንም የትም አልጻፍኩም። ስለዚህ ይህን ያነበበ የካሌዶኒያን ሮድ ሰው፣ ነገ አንድ ለቅሶ ቤት ያ ልጅ ቢነሳበት፣ ዛሬም የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእናቱ አላለቀሰም።