አቡጀዲ ላይ የተሣለው መንገድ

ታላቅ ወንድሜ እግሩን ያጣው ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ ነው። ቡና የጫነው መኪናው ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገባ። እሱ በሕይወት ወጣ፣ ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። የመኪናው ባለቤት ሊጠይቀው መጥቶ ሲወጣ፣ «ጋቢናው ተርፏል፤ ለእኔ ቁራጭ ብረት ነው፣ ከፈለግክ ውሰደው» አለው። ለብዙ ዓመት ድካሙ ያገኘው ካሳ ይኸው ነበር።

ጋቢናውን ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ካለው ግቢያችን አምጥተን በቆርቆሮ ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ጎረቤት የዶሮ ቤት ሊያደርገው ነው ብሎ ነበር። ወንድሜ ግን ጠዋት ገብቶ ይቀመጣል፣ ለምሳ ስጠራውም አይወጣም። መሪውን ይዞ የግቢውን አጥር ያያል።

እኔ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ሥዕል ስለምሞክር ለሰልፍ ቀን መፈክሩንና ጢማሞቹን የውጭ አገር ሰዎች የምሥለው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ወንድሜ ጠራኝና፣ «ከቀለሙ የተረፈሽ አለ?» አለኝ።

«ምን ልታደርግበት?»

«መንገዱን ሣይልኝ። ከነቀምት እስከ አኖ።»

አቡጀዲ ቀጣጥዬ ሰፋሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግረኛል፣ እኔ እሥላለሁ። «እዚህ ጋ ይጠማዘዛል። ከድልድዩ ማዶ ከብት አይጠፋም፣ ከብት አድርጊበት። አሁን ዳገት ነው፣ ሰማዩን ቀንሺው።» ጨርቁን በሁለት እንጨት ላይ ጠቅልለን ከመስታወቱ ፊት አቆምነው፤ እጀታውን ሲያዞሩት መንገዱ ወደ ሾፌሩ ይመጣል። በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን በእጅ እንዲሠራ አድርጎ በበያጅ አስቀጠለው።

መጀመሪያ እኔን አስቀመጠኝና እሱ እጀታውን አዞረ። ጨርቅ መሆኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፣ ራሴ ነኝ የሣልኩት። ቢሆንም መንገዱ ሲመጣብኝ ግቢው ከነአጥሩ የሚሄድ መሰለኝ፤ ላሞቹ ጋ ስደርስ እግሬ ሳላዘው ፍሬን ረገጠ። ወንድሜ ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቀጥሎ እሱ ገባ፣ እኔ አዞርኩለት። ላሞቹ ጋ ሲደርስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለሌለው እረኛ በኦሮምኛ «አከም ጂርታ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ያን ቀን ምሳውን ጨርሶ ጨምሩልኝ አለ።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ተሰማ። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ለለማጅ መኪናውን የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ወጣቶቹ ወደ እኛ መጡ። ከመካከላቸው የጎረቤታችን የባለሱቋ ልጅ ነበር። እናቱ ከጉራጌ አገር መጥታ ነቀምት የከተመች ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት አንድ እሱ ብቻ ነው። ወንድሜን፣ «ሥራ አስይዝልኝ፤ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ማርጀቱ ነው» አለችው። ልጁ ቶሎ ገባው። የወንድሜ ባልንጀራ፣ እሱም ሾፌር ነው፣ ጨርቁ ላይ በሣልኩት የጉቴ መንገድ እውነተኛ መኪና ቢያስይዘው፣ ጎድጓዱን ሁሉ ከመድረሱ በፊት እያወቀ ነዳ። ባልንጀራው ተመልሶ፣ «ኦቦ፣ ይሄ ልጅ የት ነው ሲነዳ የኖረው?» ብሎ ጠየቀ። ወንድሜ በኩራት ጋቢናውን አሳየው።

ኩራቱ ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ገብቶ ተቀመጠ፣ እንደ ልጅ ክላክስ እየነፋ እስከ አኖ ሄደ። ሲወርድ ፊቱን አጠበቀ።

«ጓድ፣ ይህ የግለሰብ መጫወቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። እናት አገር ሾፌር ትፈልጋለች። እነማንን አስተማርክ?»

ወንድሜ ምስጋና የሚያገኝ መስሎት የእያንዳንዳቸውን ጉብዝና ተናገረ። የባለሱቋን ልጅ ከሁሉ አስቀደመ።

በዚያው ሳምንት ወጣቶቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰዱ። እኔም ተጠራሁና መንገዱን አጥፍቼ የሰሜን በረሃ እንድሥልበት ታዘዝኩ። አይቼው አላውቅም አልኩ። «ዛፍ አታብዢ፣ ሌላው ቀላል ነው» አለኝ ሊቀመንበሩ። ድልድዩንና ከብቱን በአሸዋ ቀለም ሸፈንኩ። ከዚያ ጋቢናውን ከነጨርቁ ጭነው ወደ ማሠልጠኛ ወሰዱት።

ባለሱቋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግቢያችን ገባች።

«ሥራ አስይዝልኝ አልኩህ እንጂ መርቀህ ስጥልኝ አልኩህ?»

«እትዬ፣ እኔ ባላስተምረውም ይወስዱት ነበር።»

«እንደ ሌሎቹ የሰፈር ልጆች ገጠር ይደበቅ ነበር። ቀበሌዎቹ ግን በቀጥታ እሱን ብለው ነው የመጡት።»



መንግሥቱ ሊወድቅ ሲል የተበተኑ ወታደሮች ዳቦ እየለመኑ በከተማችን ያልፉ ጀመር። ወንድሜ በራችን ላይ ወንበር አውጥቶ ያለፈውን ሁሉ ያስቆማል፣ ያበላል፣ ስለ ባለሱቋ ልጅ ይጠይቃል። ብዙዎቹ አያውቁም። አንዱ፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ፣ ዳቦውን እያኘከ ልጁ የነበረበትን ጦር አውቀዋለሁ አለ።

«ሾፌሮቹስ?» አለው ወንድሜ።

«ከመኪናው የወረደ ሾፌር የለም፣ ኦቦ። እኛ ነን በእግራችን ያመለጥነው።»

ለባለሱቋ እንዳትነግራት ብዬ ወንድሜን ለመንኩት። እምቢ አለኝ፤ ክራንቹን ይዞ ወደ ሱቋ ሄደ፣ ተከተልኩት። ስኳር እየሰፈረች ነበር። የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት። መስፈሪያዋን አላስቀመጠችም።

«ሰውየው የልጄን ስም ጠርቷል?»

«አልጠራም።»

«እንግዲያው የሌላ ሰው ልጅ ነው። ሂድ ከደጄ።»

ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ጨውም ሳሙናም የምንገዛው ገበያ ድረስ ወርደን ነበር።