መጥፎ መንገድ የሠራን ጊዜ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ቴክሳስ፣ አዲሰን የምትባል ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሬስቶራንት በር ላይ ጂፕ ቆሞ አየሁ። ጎማው እምብርቴ ድረስ ይመጣል። ከፊቱ የተቀረቀረ መኪና መጎተቻ ዊንች፣ ጣሪያው ላይ የመብራት ድርድር፣ ጎኑ ላይ በብሎን የታሰረ አካፋ አለው። የአካፋው ብረት ላይ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ጭቃ የለበትም፣ ቅርንጫፍ የጫረው ቦታ የለም። ባለቤቱ ቁልፉን ለመኪና አቋሚው ልጅ እየሰጠ "እንዳትጭርብኝ፣ ኦኬ?" ሲለው ሰማሁና ደሜ ፈላ። ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አያገባኝም። ግን የዚያ ጎማ የላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ውስጥ ጠረጴዛ ይዛ እየጠበቀችኝ እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። የጥድ ሽታ፣ የናፍጣ ሽታ፣ የተፈለጠ ነጭ ድንጋይ አቧራ ተከታትሎ መጣ። የድሮው ንዴቴም አብሮ መጣ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ እዚሁ አቅራቢያ ካሮልተን ከአጎቴ ጋር እኖር ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ በዲቪ ከወሎ ገጠር የመጣ፣ ከኤርፖርት መንገደኛ በቫን የሚያመላልስ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው። ገና ኤርፖርት ሲቀበለኝ አንቱ ብለው "አታስረጀኝ" ብሎ ከለከለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንተ ነው የምለው። ሚስቱ እዚያው አገር ቤት በወሊድ እንደሞተች አውቃለሁ። ከዚያ በላይ በቤተሰባችን ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

እኔ መጋዘን ነበር የምሠራው። እዚያ የተዋወቅኳቸው ልጆች አንድ ቅዳሜ ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ሐይቅ ዳር ወዳለ የመንግሥት መሬት ወሰዱኝ። መሬቱ ድንጋያማ ነው፣ ጥድ ለብሷል፣ ሰው አሮጌ ፍሪጅና ሶፋ የሚጥልበት ነበር። በጎ ፈቃደኞች ያንን ቆሻሻ ለቅመው፣ ቁጥቋጦውን መንጥረው፣ ለጂፕ ነጂዎች መንገድ እየሠሩበት ነው። መንገድ ስላችሁ ግን ለስላሳ መንገድ እንዳይመስላችሁ። ሆን ተብሎ የሚሠራ ከባድ መንገድ ነው፤ ቋጥኝ፣ ገደል፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ የሚቀርበት። ሰው ደስ ብሎት ሊታገልበት ይመጣል። መሬቱን የሚያስተዳድረው ቢሮ ፈቃድ ሰጠ እንጂ ሳንቲም አልሰጠም። ለተከራየነው ማሽን ከደመወዛችን አዋጣን፣ የቀረውን እሁድ እሁድ ሥጋ ጠብሰን፣ ሳምቡሳ ሸጠን ሞላን። የሚፈርመው ሹም ግን ፎቶ ሲነሳ ከፊት ነበር የሚቆመው።

አሮጌ ጂፕ ገዝቼ በዚህ ነገር አበድኩ። ለአጎቴ ስነግረው የያዘውን ሹካ አስቀመጠ።

"ሶ፣ ማለቴ፣ ሰው ኪሱን አራግፎ መጥፎ መንገድ ያሠራል?"

"አዎ።"

"አውቆ?"

"አውቆ።"

"መኪናው ሲሰበርስ?"

"ጠግኖ ተመልሶ ይመጣል።"

"ታዲያ እኛ አገር አይመጡም? በነጻ ነው እኮ!" ብሎ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አንዲት ቁራጭ ቀረች። ከደረቅ ወንዝ ውስጥ ተነስታ ወደ ኮረብታው የምትወጣ ዳገት ናት፤ ለእኔና እዚያ ለምንሠራው ጥቂት አበሾች ነበር የተሰጠችን። በጸደቀው ካርታ ላይ ከሁሉ ከባዷ ተብላ ተሰምራለች። ሰኞ የቢሮው ተቆጣጣሪ ይመጣል። በካርታው እንደተባለችው ሆና ካልተገኘች ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ነገሩ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ እንደገና ማለት ደግሞ በዚያ ቢሮ ወግ ዓመታት ነው። እኛ ደግሞ የቀረን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ መጋዘኑ ቅዳሜን የግዴታ ኦቨርታይም አደረገብን።

አጎቴን ለመንኩት። እሱም ወዲያው ስልኩን አነሳ። "ደቦ አለብኝ" እያለ ለሹፌር ጓደኞቹ ሁሉ ደወለ። ደቦ ከተባለ ወዲያ በዚያ ሰፈር ጥያቄ የለም፤ የታክሲ አፑን ዘግቶ የማይመጣ አልነበረም። እኔ ምን እንደሚሠራ ዘርዝሬ ነገርኩት፦ ከዳር ያሉትን ቋጥኞች በድጅኖ እየፈነቀላችሁ ወደ ወንዙ አውርዱ፣ እንደወደቁ ተዉአቸው፣ አትንኳቸው። ደጋግሜ ነገርኩት።

"አብሽር" አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥቼ እንደ እብድ እየነዳሁ ደረስኩ። ሰዎቹ ጥድ ሥር ተቀምጠው ጥብስ በዳቦ ይበላሉ፤ ፊታቸው፣ ቅንድባቸው በነጭ አቧራ ተለውሷል። ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት ጩኸታቸው ጆሮ ይበሳል። ወደ ወንዙ ስመለከት ቋጥኞቼ የሉም። አሉ፣ ግን ተነጥፈዋል። ትልልቁን ከሥር ደልድለው፣ ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይ ጠቅጥቀው፣ ከላይ ገረጋንቲ አልብሰው፣ ረግጠው አለስልሰውታል። ውሃ እንዳይበላው ብለው ከጎኑ ቦይ ሳይቀር ቀድደውለታል።

አፌን ስከፍት አጎቴ እጁን አነሳ። "ቆይ፣ አትናገር። መጀመሪያ እይ።"

ያን የኤርፖርት ቫኑን አስነስቶ፣ አንድ እጁን በመስኮት እያወዛወዘ፣ ያችን ከሁሉ ከባድ የተባለች ዳገት ሽቅብ ወጣት። ዞሮም ወረደ። መሪው አጠገብ ያኖረው ሻይ እንኳ አልፈሰሰም። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አልኩ።

"መንገድ ነዋ!"

"ማን መንገድ ሥሩ አላችሁ?" ብዬ ጮህኩ። "ሰኞ ሰውዬው ይመጣል! ስንት ጊዜ የተለፋበት ነገር በአንድ ቀን ገደል ከተታችሁት!"

"ልጁ ምን ነካው?" አለ አንዱ ሹፌር ዳቦውን እንደያዘ። "ሙሉ ቀን ሥራ ትተን እኮ ነው።"

"ባትመጡ ይሻል ነበር!" አልኩት። ቆሽቴ አርሮ ነበር፤ ዛሬም ያን ጊዜ መናደዴ አይቆጨኝም። እንደወደቁ ተዉአቸው ብያለሁ። ደግሜ ብያለሁ። ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ይነገራል?

አጎቴ ከቫኑ ወረደ። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር፣ ቀስ እያለ ነው የጠፋው።

"እንዳልከኝ አወረድናቸው" አለ። "እንደወደቁ ነበሩ። ከዚያ ቆሜ አየኋቸው።"

"እና?"

"እናማ መጥፎ መንገድ በእጄ አልሠራም!" ድምፁ ወንዙን ሞላው። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "ሌላ ነገር እዘዘኝ፣ እሠራለሁ! ይሄን አትጠይቀኝ!"

ሰዉ ሁሉ መብላቱን አቆመ። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ለድንጋዩ የሚያወራ ይመስል፣ ያላወራውን ነገር አወራ። ሚስቱን ምጥ ሲጠናባት በጭነት መኪና ነበር ይዘዋት የወጡት። መንገድ እንሠራለን ያሉ ሰዎች ድንጋይ ዘርግፈው፣ ሳይደለድሉት ትተውት የሄዱበት ዳገት ላይ ደረሱ። "እንደወደቀ ነበር" አለ። "ልክ እንደዚህ እንደወደቀ። ኋላ ተኝታለች፣ እኔ በእጄ ደግፌያታለሁ። መኪናው በነጠረ ቁጥር..." አልጨረሰውም። መኪናው እዚያው ተቀረቀረ፣ ቀኑ መሸ፣ እሷም ሕፃኑም ከተማ አልደረሱም።

እንግዲህ በማን ልናደድ? በወሊድ ሞተች ነው የተባልኩት። እናቴ እንደዚያ አለች፣ ሰፈሩ እንደዚያ አለ። ወሊድ አይደለም የገደላት! አንድ ደህና ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ቀን ሊያነጥፈው የሚችል ድንጋይ ነው የገደላት፤ አሁን ከፊቴ ተነጥፎ አይቼዋለሁ። በአጎቴም ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ በአንድ ቤት ስንኖር፣ ቋጥኝና ገደል እያልኩ ማታ ማታ ስቀባጥርበት እየሳቀ ሲሰማኝ፣ አንድ ቀን ዝም በል አይለኝም? ድንጋይ ዘርግፈው በሄዱት ሰዎች ደግሞ እስከዛሬ እንደተናደድኩ ነኝ። ፊታቸውን አላውቀውም፣ የት እንዳሉም አላውቅም። የዲቪው ዕጣ ደርሷቸው እዚሁ አሁን በምኖርበት ሪቻርድሰን አጠገቤ ይኖሩ ይሆናል።

በዚህ መሐል የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ መጣች። ጡረታ የወጣች የቴክሳስ ሴት ናት፤ ፀሐይ ያቃጠላት፣ ከማሽኑ ወንበር የማትወርድ። መንገዱን አየች፣ ቫኑን አየች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "በሕይወቴ እንዲህ ያማረ መንገድ እዚህ አይቼ አላውቅም" አለች። ጉሮሮዋን ባንቃት ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩን በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስነግራት ሳቋን ዋጠች፣ ባርኔጣዋን አወለቀች። ትንሽ ቆይታ ግን መንገዱ እንደዚህ ከተገኘ ፈቃዱ እንደሚቀር፣ ጠዋት ማሽኑን አምጥታ ልታፈርሰው እንደምትችል ነገረችኝ። ለአጎቴ ተረጎምኩለት።

"ማሽን አይነካውም በላት" አለ። "ያነጠፍነው እኛ ነን፣ እኛ እናነሳዋለን።"

"አንተ ተወው፣ እኔ አነሳዋለሁ" አልኩት።

"የለፋህበት ነገር በኔ የተነሳ አይቀርም" አለ፤ ተቆጥቶ ነበር የሚናገረው።

እሁድ ከማለዳ ጀምሮ አፈረስነው። አጎቴ ያነጠፈውን እያንዳንዱን ድንጋይ በድጅኖ እየነቀለ ወረወረው። የብረቱ ድምፅ ከኮረብታው እየተመለሰ ይመጣል። እኔም ተቆጥቼ እሱም ተቆጥቶ፣ ውሃ እንኳ ስንቀባበል አንተያይም ነበር። ጓደኞቹ ቀልድ ሊጀምሩ ይሉና ይተውታል። ሲጨልም ዳገቷ እንደ ካርታው ሆነች።

ሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ። ከመኪናው አልወረደም! ከሩቅ፣ ከመግቢያው፣ በመስኮት አየት አድርጎ ፈረመና ሄደ። ዳገቷ ከዚያ ቦታ አትታይም። አስፋልት አንጥፈንበት ቢሆን አያውቅም ነበር። ያን የእሁዱን ቀን ለአጎቴ ማን ይመልስለት?

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሰላምታ ብቻ ሆነ። እሱ ወደ ኤርፖርት፣ እኔ ወደ መጋዘን። አሁን አጎቴ በሕይወት የለም፤ ስለዚያ ነገርም ዳግመኛ አላወራኝም። መንገዱ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰው ይጨናነቃል፣ ዳገቷን ወጣሁ ብሎ የሚፎክር ብዙ ነው።

መንገዱ የተከፈተ ቀን ግን ጂፔን ላስነሳ ስል የጎኑ በር ተከፈተ። አጎቴ ነው። ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። እኔም ሞተሩን አስነሳሁ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሰው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጮሃል፤ ከፊታችን አንዱ የአበሻ ሹፌር በእጁ እያመለከተ "ቁረጥ! ቁረጥ! መልስ!" ይለኛል። ሌሎቹ ነዳጅ ስጠው፣ ርገጠው ይላሉ። የፊቱ ጎማ የመጀመሪያውን ቋጥኝ ወጣና ዘጭ አለ፤ ጥርሳችን ተጋጨ።

ያኔ አጎቴ ዞረ። ግራ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ባዶው ወንበር ላይ አኖረው፤ መዳፉን ዘርግቶ፣ የተኛ ሰው እንዳይወድቅ እንደሚደገፍ።

"ቀስ" አለኝ። "ቀስ በል፣ የኔ ልጅ።"

ማርሹን ወደ መጨረሻው አወረድኩ። ሰዉ መጮሁን አላቆመም፣ እኔ ግን አልሰማሁትም። ከቋጥኝ ቋጥኝ፣ እያንዳንዱን ጎማ ቀስ አድርጌ እያስቀመጥኩ፣ ፍሬኑን በእግር ጣቴ ጫፍ እየነካሁ ወጣሁ። እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። ኮረብታው ጫፍ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ አጎቴ እጁን አላነሳም ነበር። ፊቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ፣ ለእኔ ባልሆነ ድምፅ፣

"ደረስን" አለ።