ያለ ጨው የበላንባቸው ወራት

የመጀመሪያ ፅንሴን በሰባተኛ ወሩ ደም ብዛት ወስዶብኛል። ስለዚህ ነጻነት በመጣ ሰሞን፣ አስመራ ሁሉ ሲጨፍር፣ እኔ ዳግመኛ ነፍሰ ጡር ሆኜ ጎዳይፍ ሰፈር አማቴ ቤት ተኝቼ አንድ ነገር ብቻ እፈራ ነበር፤ ይሄኛውም እንዳይሄድብኝ። እናትና አባቴ ደርግ ሲወድቅ አዲስ አበባ ገብተዋል። እኔ ባሌን ብዬ ቀርቻለሁ።

አዋላጇ ነርስ ኪኒን ሰጠችኝ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ አለችኝ፣ ጨውም ከለከለችኝ። አማቴ ይህን እንደሰሙ ቤት ያለውን ጨው አንስተው ለጎረቤት ሰጡ። እኔ ለብቻዬ በሌላ ሳህን ይቀርብልኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ለብቻዋ የምትበላ የተጣላች ናት» ብለው ቤቱን በሙሉ ጨው አስተዉት። ባሌ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ጎርሶ እናቱን ቀና ብሎ አያቸው። «ልጁ የእሷ ብቻ ነው እንዴ? ብላ!» አሉት። ከዚያ ወዲያ የቀረበለትን ሁሉ እንደኔው አልጫውን በላ።

ደም ብዛቴ ግን ፈቅ የሚል አልሆነም። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ነርሷ ትለካለች፣ ቅር ይላታል፣ ደግማ ትለካለች። አንድ ቀን አማቴ አብረውኝ ሳሉ፣ «ኣደይ፣ እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ተደብቃ ጨው ትበላለች?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኣይፋል! በፍጹም! የምትበላውን በእጄ ነው የምሠራላት!» ብለው አማቴ ተቆጡ። «እኔ ካዘጋጀሁት ሽሮና በርበሬ ሌላ...» ሳይጨርሱ ግንባራቸውን መቱ። «ወይለይ! በርበሬው! ሳስፈጨው ጨው ጨምሬበታለሁ! ሽሮውም ላይ!»

ለካ ከድስቱ ያባረርነው ጨው በዱቄቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይስቅብን ኖሯል። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሳቸው ግን አለቀሱ። «ልገድልሽ ነበር፣ ጓለይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። በማግስቱ የበርበሬ ዛላ ገዝተው ግቢ ውስጥ አሰጡ፤ ከደረቀም በኋላ ጨው ሳይነካው አስፈጩ። ሽሮውንም እንደዚያው እንደ አዲስ አዘጋጁ።

ኪኒኑ ይሁን፣ መተኛቱ ይሁን፣ በርበሬው ይሁን እኔ አላውቅም፤ ብቻ ደም ብዛቴ ጋብ አለ። ዛሬም አምላኬን ሳመሰግን እሳቸውን ሳልጠራ አላልፍም። ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ግን እስከ መጨረሻው መጠበቅ አልወደደም፤ ቀኔ ጥቂት ሲቀረው ምጡ እንዲጀምር አደረገ። ወንድ ልጅ ወለድኩ። ትንሽ ነበር፤ ጩኸቱ ግን ሕንጻውን አናወጠው።

ነርሷ ሕፃኑን ጠቅልላ፣ በሩ ላይ ለቆሙት ለአማቴ ዘረጋችላቸው። ያን ሁሉ ወር የተጨነቁት ለልጅ ልጃቸው ይመስለኝ ነበር፤ አልፈረድኩባቸውምም። እሳቸው ግን ሕፃኑን አልተቀበሉም። አልፈውት አልጋዬ ዘንድ መጡና ክንዴን ያዙ።

«ጽንሒ፣ ቆዪ» አሏት ነርሷን፣ «መጀመሪያ የልጄን ደም ብዛት ለኪልኝ።»