እንቅልፍ እምቢ ያለው ላፕቶፕ

ላፕቶፓችሁን ከድናችሁ ቦርሳ ከከተታችሁ በኋላ፣ መንገድ ላይ ጀርባችሁን እንደ ትኩስ ዳቦ አሙቋችሁ ያውቃል? ቤት ስትደርሱስ ማራገቢያው እየጮኸ፣ ባትሪው ተሟጦ አግኝታችሁታል? ባለፈው ሳምንት ዲላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ አዲስ መምህር ይኸው ሲደርስበት አየሁ። የመምህራን ክፍል ጥግ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ክዳኑን ይዘጋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ይከፍታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ምክንያቱን ላስረዳው ተነሳሁና መጀመሪያ የተመደብኩባት ትንሽ ከተማ፣ ጨለለቅቱ፣ ትዝ አለችኝ።

ፊዚክስ ላስተምር ጨለለቅቱ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ሜዳ ለምዶ ለኖረ ዓይኔ የዚያ አገር አረንጓዴ ከበደኝ። እንሰቱ ከደጄ ይጀምራል፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፣ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንዳለ አይታይም። የተከራየሁት ክፍል ከከተማው ወጣ ያለ ስለነበር መብራት አልደረሰውም። ስልክ ለመደወል ዳገቱን መውጣት ያስፈልጋል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ዝናብ አለ።

ኅዳር ሲገባ ባሰ። ቀይ ቡና ሲደርስ ተማሪው ወደ ለቀማ ይሄዳል። ስድሳ ልጅ በተመዘገበበት ክፍል አሥራ ሁለት ልጆች ፊት ቆሜ ስለ ማግኔት አስተማርኩ። የቡና ማጠቢያ ጣቢያው የልጣጭ ሽታ፣ እንደ ኮመጠጠ ፍራፍሬ ያለ ነው፣ በመስኮት ይገባል። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ከደወሉ በኋላ ግን የሚሰማኝ አልነበረም።

የነበረኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዲላ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ ገዛሁት፤ ስክሪኑ ተሰብሮ ክዳኑ በሌላ ክዳን መቀየሩን ሰውየው አልደበቀኝም። ውስጡ የእህቴ ሰርግ ቪዲዮ ነበር። የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ በምስሉ ውስጥ የለሁም። አንድ ቦታ ላይ ግን እናቴ ወደ ካሜራው ዞር ትልና፣ «አንተ ልጅ፣ እሱን አስቀምጥና ምሳህን ብላ» ትለኛለች። ማታ ማታ፣ ከእራት በፊት፣ አሥር ደቂቃ አያለሁ። ከአሥር ደቂቃ አላሳልፍም፤ ትምህርት ቤት ቻርጅ የማድረግ ተራዬ ሰኞ ብቻ ስለነበር፣ ባትሪው በዚያ ቀን ተሞልቶ እስከ አርብ መድረስ ነበረበት።

አልደረሰም። ክዳኑ ሲዘጋ አይተኛማ። ረቡዕ ላይ እናቴ ዝም ትላለች።

አጥፍተህ አትይዘውም ወይ እንዳትሉኝ፤ ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ የቪዲዮዬን ሲሶ ይበላዋል። በትእዛዝ አስተኝቼው ስሄድ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ አንድ ቁልፍ ሲነካ ይነቃል፤ ከነቃ በኋላ መልሶ የሚያስተኛው የለም። ስለዚህ ደብተር አወጣሁ። ለአንድ ቀን አንድ ምክንያት። ሰኞ፦ «ክዳን ሲዘጋ ይተኛ» የሚለው ተመርጧል? ተመርጧል። ማክሰኞ፦ የሚቀሰቅሰው ፕሮግራም አለ? ሁሉንም ዘጋሁ፤ ለውጥ የለም። በሚቀጥለው ሰኞ፦ ክዳኑ በደንብ አልገጠመ ይሆን? በመጽሐፍ ተጫንኩት፤ ለውጥ የለም። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ። «ለውጥ የለም» የሚለው ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ሳይ ስለ ላፕቶፕ ብቻ አይመስለኝም።

አከራዬ ጋሽ ጂግሶ ሁልጊዜ በአጥሩ በኩል ይጠሩኝ ነበር። «ቲቸር፣ ና እንብላ።» እኔም ሁልጊዜ «ፈተና እያረምኩ ነው፣ ጋሼ» እላለሁ። ኩራት አልነበረም። ሰው ቤት ገብቼ ምን እንደማወራ ስለማላውቅ ነው።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሬ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ ምን ታርማለህ? ተማሪዎችህን እኮ ቡና ሥር ነው ያየኋቸው።»

 ያን ሳምንት አጥፍቼው ስለከረምኩ በማግስቱ የምሞላው ባትሪ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ ላፕቶፑን ይዤ ተከተልኳቸው።

ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡ። ቪዲዮውን ላሳያቸው ፈለግሁ፤ ጠረጴዛው በምግብ ስለተያዘ ላፕቶፑን አንድ የእንጨት ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ሳጥኑን የሠሩት ጋሽ ጂግሶ ናቸው፤ ከተበላሸ ቴፕ ያወጡትን ስፒከር ገጥመውበት ሬዲዮናቸውን ያገናኙበታል። ሰርጉ ተጀመረ፣ ሙሽራዋ ወጣች፣ እንዲታያቸው ገፋ ሳደርገው ስክሪኑ ጠፋ። ቀሰቀስኩት። ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ።

«ዘመዶችህን ሊያሳየን አልፈለገም» አሉ እትዬ አለሚቱ።

«አይ» አሉ ጋሽ ጂግሶ፣ «እኛ ቤት እንግዳ ሲጠግብ ይተኛል።»

እኔ ግን ቆጮው እጄ ላይ ቀርቷል። ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ! ላፕቶፑን ወደ ጉልበቴ ሳነሳው ስክሪኑ እንደበራ ቆየ፤ ሳጥኑ ላይ ስመልሰው ተኛ። ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ ላፕቶፖች መዘጋታቸውን የሚያውቁት በማግኔት ነው፤ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ማግኔት፣ ታች በኩል ደግሞ እሱን የሚሰማ ዳሳሽ አለ። ዲላ ላይ ክዳኑ ሲቀየር ማግኔቱ ከአሮጌው ጋር ቀርቷል። የእኔ ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ ጨርሶ አያውቅም ነበር። ለአሥራ ሁለት ልጆች ማግኔት ያስተማርኩ ሰው፣ ስንት ሳምንት ደብተር ስሞላ ከርሜ መልሱን ያገኘሁት ሰው ቤት ቆጮ ስበላ ነው።

ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ማግኔት ፈልቅቀን፣ ስፍራውን ፈልገን፣ በፕላስተር ክዳኑ ላይ ለጠፍነው። ከደንኩት፤ ማራገቢያው ዝም አለ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ይዤው የቀረውን አየን። እናቴ «ምሳህን ብላ» ስትል ጋሽ ጂግሶ ጠጋ አሉ።

«ይቺ ናት እናትህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዳለችህ ብላ» ብለው ገበታውን ወደ እኔ ገፉት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ባትሪው አርብ ደረሰ። ብቸኝነቱ አልለቀቀኝም፤ ዳገቱም ዝናቡም እዚያው ነበሩ። እሁድ ሲሆን ብቻ ለማረም የሚቀር ፈተና አልነበረኝም።

ላፕቶፑ ዛሬ አይነሳም፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ላይ አለ። አዲሱን መምህር «ማግኔት አለህ?» ስለው «የለኝም፣ ግድ የለም፣ ቻርጅ አደርገዋለሁ» አለኝ፣ እንደዚያ ዘመን እኔ። እሁድ ምሳ እኔ ቤት እንዲመጣ ነገርኩት። ገና አልመለሰልኝም።

እናንተም ሞክሩት። መጀመሪያ ሴቲንጉን እዩ። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ያለውን የሚያህል ትንሽ ማግኔት ያዙና፣ ትልቅ እንዳይሆን፣ ላፕቶፑ በርቶ ሳለ በቁልፎቹ ዙሪያ ጠርዙን ቀስ ብላችሁ አስኪዱት። አንድ ቦታ ላይ ስክሪኑ ከጠፋ ዳሳሹ ደህና ነው፤ የጎደለው የክዳኑ ማግኔት ነው። ማግኔት ከሌላችሁ ጎረቤት ሂዱና ጠይቁ። «ና እንብላ» ካሏችሁ፣ እባካችሁ ፈተና አርማለሁ አትበሉ።