የሐረግወይን ልብ ወለድ የሚጀምርበት ቦታ

ሐረግወይን ከኪራሙ ተፈናቅላ ነቀምቴ ከገባች ወዲህ ልብስ እየሰፋች ልብ ወለድ ጻፈች። ረቂቁን እንዳለ አዲስ አበባ ላሉ አሳታሚዎች ሁሉ ላከች። ብዙዎቹ ዝም አሏት፤ አንዲት አርታኢ ግን ደወለችላት።

«ወይዘሮ ሐረግወይን፣ እኛ የልጆች መጽሐፍ ነው የምናሳትመው። ከመላክዎ በፊት ማን ምን እንደሚያሳትም ይጠይቁ። ደግሞ ታሪክዎ የሚጀምረው ሴትዮዋ ቤቷን ቆልፋ ስትወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የቤተሰብ የዘር ቆጠራ አንባቢ ያደክማል።»

ሐረግወይን ከፋት። በዘር ቆጠራው ውስጥ የሟች ወንድሟ ስም ነበረበት። ሰንበት ብላ ግን ያንን ክፍል አወጣችው፤ ወንድሟንም ከሴትዮዋ ጋር በሩን የሚቆልፍ ሰው አደረገችው። ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከአጭር ማጠቃለያ ጋር ልብ ወለድ ለሚያሳትም ድርጅት ላከች።

«ቀሪውን ይላኩልን» የሚል መልስ ሲመጣላት ስፌቷን አቁማ ለጎረቤቷ ለአዴ ዲንቂቱ ነገረቻቸው።