የፎርማን መሸሻ ሰርተፊኬት

መሸሻን የቁስቋም ሰፈር ሰው እስከ ዛሬ «ፎርማን» እያለ ነው የሚጠራው። የፕሮጀክት ኃላፊ ከሆነ ስንት ዓመቱ! እሱም ፎርማን ሲሉት ደስ ይለዋል፤ «ኃላፊ» ያለው ሰው ካለ ግን ፊቱ ጭፍግግ ይላል። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሳቁ ከአጥር ወዲያ የሚሰማ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሳቂታ ሰው ስለ ሰርተፊኬቱ ከተነሳ ወዲያው ወሬ ይለውጣል። ሚስቱ ብርቅነሽ «የሰው ባል በሌለው ወረቀት ይጎርራል፣ የእኔ ያለውን ይደብቃል» ትላለች። የሚደብቅበትን ምክንያት ብታውቅ ኖሮ ባልቀለደችበት።

ነገሩ የጀመረው በ1973 ዓ.ም. ነው። መሸሻና ዋቅቶላ በአንድ የመንግሥት የሕንፃ ሥራ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ በአንድ ቀን ፎርማን የሆኑ ጓደኛሞች ነበሩ። ቀበሌያቸውም አንድ ነው። ዋቅቶላ በልጅነቱ ከወለጋ መጥቶ ከዊንጌት ትምህርት ቤት በላይ ትንሽ ቤት የሠራ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛ ነው ስላችሁ ግን ሥራ አያውቅም ማለቴ አይደለም። መሬቱን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ መሠረት አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል» ካለ፣ በቃ አሥራ አንድ ቀን ነው። ማን እንዳስተማረው እንጃ! መሸሻ ደግሞ ሠራተኛ በማስተባበር የሚስተካከለው የለም። አንዱ እያሰበ አንዱ እየጮኸ ሥራው ይነጉድ ነበር።

በዚያ ዓመት ከመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከጓድ ስብሐት ቢሮ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። የፕሮጀክት ሥራ አመራር ሥልጠና፤ ስድስት ወር ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ በሰርተፊኬት መመረቅ። ሰርተፊኬቱን የያዘ ፎርማን የፕሮጀክት ኃላፊ ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፎርማን ዕድሜ ልኩን አቧራ ለብሶ የሰው ዕቅድ ይፈጽማል፤ ኃላፊው ነው ዕቅዱን የሚያወጣው። ለመሥሪያ ቤቱ የተፈቀደው ቦታ ግን አንድ ብቻ ነበር። የመግቢያ ፈተና ተሰጠ፤ ዋቅቶላ አንደኛ፣ መሸሻ ሁለተኛ ወጡ። እንግዲህ ቦታው የዋቅቶላ ነው። የቀረው ከቀበሌ «ተሳትፎው ጥሩ ነው» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ዋቅቶላና ሚስቱ ደሳለች ጴንጤዎች ናቸው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ በየሰው ቤት ተሰባስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ዋቅቶላ ከቀበሌ ውይይት ቀርቶ አያውቅም፤ መጨረሻ ላይ ግራ እጅ ተነሥቶ «ከሁሉም በላይ አብዮቱ!» ሲባል ግን አፉን አይከፍትም። ለእሱ ከሁሉም በላይ ያለው ሌላ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል? ልክ መፈክሩ ሊጀመር ሲል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። በዓመት ስንቴ ክር ይፈታል፣ በሉ! መሸሻ ይህን ስለሚያውቅ ሁልጊዜ ከፊቱ ይቆማል። በዚያ ሰፊ ትከሻው ጋርዶት፣ ድምፁን ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርጎ ይጮህለታል። ከስብሰባው ሲወጡ «ክርህን አሰርክ?» ይለዋል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ለዓመታት እንዲህ ነበሩ፤ ነገሩንም ከሁለቱ ሌላ ማንም አልነቃበትም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ይገዙ ይባላል። ዋቅቶላ ደብዳቤውን በጠየቀ በሦስተኛው ቀን መሸሻን አስጠራው።

«ጓድ መሸሻ፣ በውይይት ላይ ከዋቅቶላ ተለይተህ አታውቅም አይደል?» አለው።

«አልለይም።»

«እነዚህ ጴንጤዎች መፈክር አያሰሙም ይባላል። እኔ ከመድረክ ሆኜ ሰውየው አይታየኝም፤ አንተ ትጋርደዋለህ። ሲያሰማ ሰምተህ ታውቃለህ?»

መሸሻ ምን ማለት እንደሚችል ያውቅ ነበር። «እንዴታ!» ማለት ይችላል። «ስጮህ የሌላ ሰው ድምፅ መቼ ይሰማኛል» ብሎ ማሳቅም ይችላል፤ ይገዙ ደግሞ ሳቅ የሚወድ ሰው ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት በሐሳቡ የመጣው ሁለተኛ የወጣው ማን እንደሆነ ነው።

«እውነቱን ለመናገር» አለ፣ «እኔ ሲያሰማ ሰምቼ አላውቅም።»

ይኸው ነው። አልዋሸም። አይ መሸሻ! ሲዋሽለት የኖረውን ሰው በእውነት ጣለው።

ዋቅቶላን እግዜር ሲያተርፈው ይገዙ ነገሩን ወደ እስር አልወሰደውም፤ ደብዳቤውን ብቻ ከለከለ። ቦታው ለመሸሻ ተላለፈ። ዋቅቶላ ደብዳቤውን ማን እንዳስከለከለው ሳያውቅ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ መሸሻ ቤት ደስ ብሎት መጣ።

«እንኳን ላንተ ሆነ፣ መሼ» አለና አቀፈው። «ሌላ ሰው ወስዶት ቢሆን አንጀቴ ያርር ነበር። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ደብተርህን ቅዳሜ ቅዳሜ አሳየኝ።»

መሸሻ ምን ይበል? «ችግር የለም» አለ።

ሥልጠናው ከባድ ሆኖ አገኘው። አስተማሪው አንድን ሕንፃ በመቶ ትንንሽ ሥራ ከፋፍሎ በሰሌዳው ላይ በመስመር ያያይዘዋል። የቱ ከየትኛው ይቀድማል፣ የቱ ከየትኛው ጎን ለጎን ይሄዳል። ከዚያ መሐል አንድ «ወሳኝ መስመር» ይወጣል፤ በዚያ መስመር ላይ ያለ ሥራ አንድ ቀን ከዘገየ ሕንፃው በሙሉ አንድ ቀን ይዘገያል። ሌላው ግን ትንሽ ቢቆይ ምንም አይሆንም። መሸሻ ሰኞ ግራ ይጋባል፣ አርብ ተስፋ ይቆርጣል፣ ቅዳሜ ዋቅቶላ መጥቶ ያስረዳዋል። ያልተማረው ለተማረው! ዋቅቶላ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ደብተሩን ጥቂት ያየውና «እንዲህ ማለቱ እኮ ነው፤ ጣሪያው ሳይለብስ ልስን አይጀመርም፣ ስለዚህ ያቺ ቆርቆሮ ናት ወሳኟ» ይለዋል። ለመመረቂያ የቀረበውንም ዕቅድ አብረው ነው የሠሩት። አብረው ማለት እንኳ ለመሸሻ ማዳላት ነው። «በጣም ጥሩ» የሚል ውጤት መጣለት፤ ሰርተፊኬቱን ተቀብሎ ሲጨበጨብለት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ።

በ1976 መሸሻ ከዊንጌት በላይ የሚሠራ የአንድ ጤና ጣቢያ ፕሮጀክት ኃላፊ ነበር፤ ዋቅቶላ ደግሞ ፎርማኑ። ሕንፃው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መመረቅ አለበት ተብሏል፤ አለበት ከተባለ አለበት ነው። ልክ በዚያው ሰሞን ሁለተኛው ዙር ሥልጠና መጣ። ደግሞ ምን ተባለ? የቀበሌ ደብዳቤ ቀርቷል፣ የቅርብ ኃላፊው ድጋፍ ይበቃል። የዋቅቶላ የቅርብ ኃላፊ ማን ነው? መሸሻ! በደሉን የሚክስበት ዕድል ቤቱ ድረስ መጣለት ማለት ነው።

ቅጹን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ግድግዳ ላይ የለጠፈውን የሥራ ዕቅድ ቀና ብሎ አየ። ወሳኙን መስመር በቀይ አስምሮበታል። በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ መሠረት፣ ዓምድ፣ ጣሪያ፤ በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ «ተጠሪ፦ ዋቅቶላ» ይላል። ይህ ሰው ስድስት ወር ከሄደ ሕንፃው ለመስከረሙ በዓል አይደርስም። ያኔ መሸሻ የሚጠየቀው በዘገየ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የያኔን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። በተማረው ትምህርት አሰላ፤ ሥራው ሊዘገይ አይችልም፣ የዋቅቶላ ሥልጠና ግን ትንሽ ቢቆይ ምንም አይሆንም። የሰውን ዕድሜ እንደ ልስን ሥራ ለሌላ ጊዜ አሸጋገረው። በቅጹ ላይ «ለጊዜው ሊለቀቅ አይችልም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ለዋቅቶላ «ከላይ አልፈቀዱም» አለው። ይቺኛዋ ደግሞ ጥርት ያለች ውሸት ናት።

ዋቅቶላ «እኔ መቼም ከላይ አይቀናኝም» አለና ሳቀ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጤና ጣቢያው በዓሉ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አለቀ፤ ሪባን ሲቆረጥ የተጠራው ስም የመሸሻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን መሸሻ ብርቅነሽ ናት የምታውቀው። ምግብ ቀርቦለት ይረሳል። ቁስቋም ማርያም ተሳልሞ ሲመለስ መንገድ ላይ ይቆማል። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «የሥራ ሐሳብ ነው» ይላታል። የሥራ ሐሳብ ምን ያደርጋል፤ ጸጸት ነበር የሚበላው።

ሦስተኛው ዙር በ1980 ሲመጣ መሸሻ አላቅማማም። ቅጽ መሙላት አልበቃውም፤ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፣ በማህተም፣ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። በሕይወቱ እንደዚያ ከልቡ የጻፈው ነገር የለም። ጓድ ስብሐት አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ግሩም ነው፤ ግን ከአርባ አምስት ዓመት በላይ አንቀበልም ብለዋል። ሰውዬህ አርባ ስድስት ነው።»

«አንድ ዓመት ናት እኮ!»

«አንድ ዓመትም ቢሆን። በ76 ለምን አላቀረብከውም ነበር? ያኔ ይሄ ገደብ አልነበረም።»

መሸሻ ለመነ፣ ተመላለሰ፣ ማሠልጠኛው ድረስ ሄዶ ደጅ ጠና። አልሆነም።

እሑድ ከሰዓት ወደ ዋቅቶላ ቤት ሄደ። በዚያ ቀን ሁሉንም ሊናገር ቆርጦ ነበር፤ የቀበሌውንም፣ የጤና ጣቢያውንም። ደሳለች ወንበር ሰጠችው። የደብዳቤውንና የዕድሜውን ነገር ነገራቸውና ቀጥሎ «ዋቆ፣ ሌላም የምነግርህ...» ብሎ ሊጀምር ሲል ዋቅቶላ አቋረጠው።

«ደብዳቤ ጽፈህልኝ ነበር? እስቲ ምን ብለህ ነው?»

ቅጂውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ዋቅቶላ መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ያ ዝምተኛ ሰው አለቀሰ።

«እንዲህ ነው እንዴ የምታስበኝ?» አለ። «ደሳለች፣ ተመልከቺ። ሰርተፊኬትስ ከዚህ የበለጠ ምን ይል ነበር?» ከዚያ ወደ መሸሻ ዞሮ፣ «ይህን ለእኔ ተውልኝ» አለው።

እንዲህ ላለ ሰው ምኑ ይነገራል? መሸሻ የመጣበትን ውጦ ወጣ።

በመስከረም የዋቅቶላ ዘመዶች ከወለጋ መጡና መሸሻና ብርቅነሽ ለምሳ ተጠሩ። ሳሎን ሲገቡ ደብዳቤው መስታወት ውስጥ ገብቶ፣ ማህተሙ ጎልቶ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እንግዶቹ ማንበብ የማይችሉ ሽማግሎች ናቸው። ደሳለች አወረደችና በሁለት እጇ ለመሸሻ ሰጠችው።

«ጋሽ መሸሻ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ያንብቡላቸው።»

ማንበብ ጀመረ። ያ ወፍራም ድምፁ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄደ። «በእኔ ኃላፊነት የተሠሩት ሥራዎች ሁሉ በጊዜያቸው ያለቁት በእሱ ነው» የሚለውን አለፈ። «ይህ ዕድል ከማናችንም በፊት ይገባው የነበረው...» ከሚለው ሲደርስ ግን ድምፁ ተቆረጠ። እንደገና ሞከረ፤ አልወጣለትም። ዓይኑ በእንባ ሞላ።

«ወይ ወዳጅ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ለጓደኛው እንዲህ የሚያለቅስ አይቼ አላውቅም።» ብርቅነሽ ኮርታበት ክንዱን ያዘችው።

ዋቅቶላ ተነሥቶ አጠገቡ መጣና እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ተወው፣ መሼ፣ አትጨነቅ» አለው። «እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ከዚያም መሸሻን እንደ ደገፈ፣ ቀሪውን አንዲት ቃል ሳይስት፣ እስከ ፊርማው ድረስ ለዘመዶቹ አሰማቸው።