ገደል ላይ «ቢስሚላህ» ማለት ልቀቁ ነው

ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ሲጠጋ የስፌት መኪናዬን ከውጫሌ ማዶ፣ በሚስቴ ወንድም ቀዬ ካለ የገደል ዋሻ ደበቅናት። ነገሩ ሲረጋ እኛ ወደ ቤታችን ተመለስን፤ መኪናዋ እዚያው ቀረች። ኢድ ደግሞ ደረሰ። ለኢድ ያልሰፋ ልብስ ሰፊ ከዚያ ወዲያ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ «እኔ ወርጄ ላውጣት» አለ። ማር ለመቁረጥ ያንን ገደል ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። እኔ ግን «መኪናዬን ከእኔ በቀር ማንም አያስራትም!» ብዬ ደነፋሁ። ያኔ በር ስገባ ሆዴ ይቀድመኝ ነበር፤ ምላሴ ደግሞ ሆዴን ይቀድመዋል።

ድፍረቱ የመጣው ከዕቃው ነው። የእህቴ ልጅ ሳውዲ ሕንፃ ላይ ሲሠራ የሚታጠቀውን ቀበቶ ከነመንጠቆውና ከነናይለን ገመዱ ይዞ ተመልሶ ነበር። እሱን ታጠቅሁ። የፕላስቲክ ቆቡንም ደፋሁ። የቀዬው ሰው የሚወርደው በአንድ የቆዳ መጫኛ ነው፤ ላይ ሆነው ሦስት ጎረምሶች ይይዙታል። እኔ በዚያ ላይ ናይለኑን ለመጠባበቂያ ብዬ ከወይራ ግንድ ጋር በገዛ እጄ አሰርኩት።

«ጋሼ፣ እሱ ይቅርና እግርዎን ያስቡ» አለኝ አማቼ። «ወደ ኋላ ተኝተው ድንጋዩን መርገጥ ነው።»

«ይህን እግር ነው የማምነው? ሜዳ ላይ እንኳ የሚጥለኝን?»

«እንግዲያው ምልክቱን አይርሱ። ቢስሚላህ ካሉ እንለቃለን፤ አልሐምዱሊላህ ካሉ እንስባለን። እንደ ማዕድ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ።»

ሲነግረኝ ገብቶኝ ነበር። እግሬ ጫፉን ሲለቅ ግን በድንጋጤ «ቢስሚላህ!» አልኩ። ለቀቁኝ። ይበልጥ ደንግጬ «ቢስሚላህ! ቢስሚላህ!» ስል ጭራሽ ፈጠኑ። ያቆመኝ መጠባበቂያዬ ነው፤ ለካ አሳጥሬ አስሬዋለሁ። ለዋሻው ወለል አንድ ክንድ ሲቀረኝ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። መኪናዬ በጆንያ ተጠቅልላ ፊት ለፊቴ ትታየኛለች።

«አብሽሩ ጋሼ! መንጠቆውን ይፍቱት!» አለ አማቼ ከላይ።

«የያዘኝን?»

«የያዘዎትማ እሱ ነው!»

ክብደቴን የተሸከመ መንጠቆ አይከፈትም። መጫኛውን እንዲያጠብቁልኝ ደግሞ አልሐምዱሊላህ ማለት አለብኝ። ወላሂ፣ እንደዚያ ተንጠልጥሎ ማመስገን ከባድ ነው! አልኩት። መጫኛው ጠበቀ፤ ድንጋዩን ረገጥኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ኋላ ተኛሁ። መንጠቆው ላላ። ፈታሁትና «ቢስሚላህ» ብዬ ወለሉ ላይ ወረድኩ። እፎይ ስል አምልጦኝ «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። መንጭቀው ሳቡኝ።

«ምስጋና ነው! የአላህ ነው፣ የእናንተ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ሳቃቸው ገደሉን ሞላው። እንደምንም መልሰው አወረዱኝ።

መኪናዋን ቀበቶውን አስታጥቄ ከመጫኛው ጋር አሰርኳት፤ እሷ ወደ ኋላ መተኛት አትችልም። እሷ ወጣች፣ መጫኛው ተመለሰልኝ፣ ወገቤን አስሬ ድንጋዩን እየረገጥኩ፣ አንዳንዴም በመቀመጫዬ እየተፋተግሁ ወጣሁ።

ጫፉ ላይ ስትጠብቅ የነበረችው ሚስቴ ጆንያውን ፈትታ የመኪናዋን ጎማ በእጇ ታሽከረክራለች። «ትዞራለች!» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንተም ዞር በል እስቲ።»

ዞርኩ። ሱሪዬ ከወገብ እስከ ጉልበት ተተርትሯል።

«በል፣ የኢድ ሥራ ተጀመረ» አለች።